የአውሮፕላን ጨዋታ

ባለቤቴ አናጢ ነው፤ እጁ ሥራ ሲፈታ ይታመማል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን እንደሚሳፈር በታወቀ ሰሞን፣ ለሰው በር ሠርቶ ከተረፈው ጣውላ ትንሽ ወንበር ሠራለት። ጀርባዋ ረዘም ያለ፣ የክንድ ማሳረፊያ ያላት ደንበኛ ወንበር ናት። ከአሮጌ ኮርቻ ላይ ጠፍር ፈትቶ፣ ዘለበት ፈልጎ፣ ቀበቶ አደረገላት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አውሮፕላን ነው» አለኝ ሳይስቅ። «እዚያ ሲያስሩት እንዳይንፈራገጥ ከአሁኑ ይልመድ።»

ደስ አለኝ። ደስ ማለት ብቻም አይደለም፣ ኮራሁ። ሌላው ወንድ፣ ልጅ ሲያለቅስ «ውሰጂልኝ» ከማለት በቀር ምን ያውቃል? የኔው ግን ልጁ እንዳይጨነቅ ብሎ ሳር ቤት ውስጥ አውሮፕላን ይሠራል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ አወራሁት። አሁን ሳስበው እዚያ መምህራን ክፍል ቆሜ ባሌን ሲያሞግስ የነበረው አፌ ያናድደኛል።

ልጁን የወለደችው ታናሽ እህቴ ናት። እኔ አልወለድኩም። ድሮ ይህን ለመናገር ምላሴ ይተሳሰር ነበር፤ ዛሬ ግን ዝናብ ዘገየ እንደማለት ነው የምናገረው። እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ነፍሰ ጡር ነበረች። የልጁ አባት ማን እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ እሷም አልነገረችን። በክርስትናው ዕለት፣ የንስሐ አባታችንና የሰፈሩ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ ልጁን ለኔና ለባለቤቴ ሰጠችን። አሰጣጡ እንዳገራችን ደንብ ነው። ባለቤቴ አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ሕፃኑን አጠባው፤ እኔም እንደሱ አደረግሁ። የማር ብርጭቆውን ይዛ የቆመችው እህቴ ራሷ ነበረች።

በኛ አገር በእስቴ ይህ ቀልድ አይደለም። ማር የነካውን ጣትህን የጠባ ልጅ ልጅህ ነው፤ የጡት ልጅ ይባላል። ይወርስሃል፣ ይጦርሃል፣ ይቀብርሃል። ነገ ሌላ ብትወልድ እንኳ ከሆድህ ፍሬ አይለይም። ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ አሜን ተብሎ፣ ጠላው ተጠጥቶ ተበተንን። እህቴ ትንሽ ሰንብታ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ሥራ ያዘች፣ ቆየት ብላም አገባች። ልጁ እኔን «እናና»፣ ባለቤቴን «አባባ» እያለ አደገ። እሷን የሚያውቃት በስልክ ነው፤ ለሱ ስልክ ውስጥ የምትኖር፣ ስትስቅ ጥርሷ የሚያምር ሴት ነበረች።

ጥሪው የመጣው በስልክ ነው። «እታለም፣ አዲስ ቤት ገብተናል። ልጁን ይዘሽልኝ ነይ፤ ባለቤቴም ይየው። ሰንበት ብላችሁ ትመለሳላችሁ» አለችኝ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የመኪና መንገድ ያን ሰሞን የሚያስተማምን አልነበረም፤ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን እንድንመጣ ትኬቱን እነሱ ቆረጡ። ባለቤቴ የጀመረው የቤት ጣራ ስላለ አይሄድም ተባለ። ይህንንም ያለው እሱ ነው።

እንግዲህ ጭንቀቴ ሁሉ በረራው ሆነ። ልጁ ሁለት ዓመት አልፎት ሦስት አልሞላውም፤ እግር ያወጣ፣ አፍ ያወጣ፣ አልቀመጥም የሚል ዕድሜ። አብራኝ የምታስተምር አንዲት ሴት ልጇን ይዛ በርራ ታውቃለች። «ጆሮውን ያመዋል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይሽ ይጮሃል» ብላ አስፈራራችኝ። በሶ በማር ለውሼ ጭብጦ ጨበጥኩለት። የክር ማጠንጠኛውን፣ መኪናዬ የሚላትን፣ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ። ቅያሪ ልብስ፣ ትንሿን ጋቢውን፣ ውኃ ያዝኩ። ከሁሉ በላይ አንቀልባዬን አልረሳሁም፤ ጀርባዬ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

ልምምዱ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ነበር። ቅዳሜና እሁድ እኔም ጥቂት ጥቂት አይቻለሁ። ልጁ ወንበሯ ላይ ይወጣል፣ ባለቤቴ ጠፍሩን ያስርለታል፣ ከዚያ ከኋላ ሆኖ ወንበሯን እያነቃነቀ በአፉ ይነፋል። ያኔ በግቢው ያለ ፍጡር ሁሉ «ቻው» ማለት ግዴታው ነው። እኔ ቻው እላለሁ፣ ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ቻው ትላለች፣ ዶሮዋም ቻው ትባላለች። ልጁ በሳቅ ይንፈቀፈቃል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን አይቼ አላውቅም። ከውጭ ስገባ ባለቤቴ ቶሎ ብሎ «በቃ፣ አረፈ» ይልና ጠፍሩን ይፈታል። ትልቅ ሰው ሆኖ በአፉ ሲነፋ ስላየሁት አፈረ ብዬ ነበር።

የሄድን ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘን። ልጁን አቅፎ ሳመው፤ ሳመውና አልለቅ አለ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እሱ ይስማል።

«ኧረ ተው፣ አስከሬን ትሸኛለህ እንዴ?» አልኩት እየሳቅሁ።

አልሳቀም። ልጁን አቀበለኝና ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ጎማ ማየት ጀመረ። አናጢን ከጎማ ምን እንዳገናኘው ሳልጠይቅ መኪናው ወጣ። ደብረ ታቦርን አልፈን ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አደርን።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የመጀመሪያው ፀብ ከፍተሻው ማሽን ጋር ነበር። ልጁን ከጀርባዬ አውርጄ አንቀልባውን ማሽኑ ላይ እንዳስቀምጥ ታዘዝኩ። ማሽኑ አንቀልባውን ሲውጠው ልጁ አገር ይያዝልኝ አለ። ቤቱን የበሉበት ያህል ነው የጮኸው። በዚያኛው በኩል ሲወጣለት ግን ዓይኑን ማመን አቃተው፤ አጨበጨበና «ደግሞ!» አለ። ፈታሿ ልጅ ሳቀችና እሷም የክር ማጠንጠኛውን ለብቻው አሳልፋ አሳየችው።

ሁለተኛው ስሕተት የኔ የራሴ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ የገባሁት ልጁን አዝዬ ነው። ወንበሬን ፈልጌ፣ ልጁን ከጀርባዬ ሳላወርድ፣ ጫፉ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ለካ በሰው አገር ልጅ የሚታቀፈው ከፊት ነው። አስተናጋጇ መጥታ በትሕትና «እናት፣ ይውረድና ከጎንዎ ባለው ወንበሩ ይቀመጥ፤ ቀበቶም አለው» አለችኝ። አሁን ታስረዋለች፣ አሁን ይጮሃል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጁ ግን ቀበቶዋን ሲያይ ሆዱን ነፍቶ እጁን ወደ ላይ አነሣላት። ሲታሰር «ጠበቅ አድርጊ» ብሎ አዘዛት። ሴትየዋ ገርሟት «ብዙ በሯል እንዴ?» ስትለኝ፣ «አባቱ አስተምሮት ነው» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

ከልጁ ወዲያ የተቀመጡት የስማዳ ሰው ናቸው፣ ከወገዳ ለዓይን ሕክምና የሚሄዱ ሽማግሌ መሪጌታ። ነጭ ጥምጥማቸው ከልጁ ፊት ትይዩ ስለነበር፣ ገና ሳንነሣ ጫፉን ጎተተው። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን «ተይው ልጄ፣ እኔም አጠማጠሙን ስማር ስንት ጊዜ ፈትቼዋለሁ» አሉኝ። መቁጠሪያቸውንም ከእጃቸው አውጥተው ሰጡት። ልጁ ጥቁሩን ክር ቋጠሮ በቋጠሮ እየነካካ ዝም አለ። ሞተሩ ሲያጓራ ብቻ ቀና ብሎ በመስኮቱ ለሚታየው ሁሉ፣ ለጥበቃው፣ ለሳሩ፣ ለሜዳው ቻው ቻው አለ።

እንደተነሣን ጆሮው ያዘው። ፊቱ ቀላ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሪጌታም «የሚጠባው ነገር ስጪው፤ መዋጡ ይከፍትለታል» አሉኝ። ጭብጦውን አወጣሁና ቆንጥሬ ለሰልስ እስኪል በአውራ ጣቴ አሸሁት። ማሩ ጣቴ ላይ ቀረ። ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩለት፤ ጠባ፣ ዋጠ፣ እንደገና ጠባ። ዓይኖቹ ዓይኔ ላይ ነበሩ። የክርስትናው ቀን ትዝ አለኝ፤ እዚያ ደመና ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳይመርቅ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ልጄ የሆነ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ አልጋ በአልጋ ሆነልን። ጣና ሲታየው «ውኃ! የማን ነው?» አለ። «የእግዜር» አሉት መሪጌታ። የክር ማጠንጠኛውን በምግብ ማስቀመጫዋ ጠረጴዛ ላይ ነዳት፤ በወደቀች ቁጥር መሪጌታ በደካማ ዓይናቸው እያጎነበሱ ይፈልጉለታል። እግሩ እንዳይበርደው በጋቢው ጠቀለልኩት። አንዲት ዘመናዊ እናት ከፊታችን ልጇ አልያዝ ብሏት፣ ስልክ ብትከፍትለት፣ ከረሜላ ብትሰጠው፣ ብታስፈራራው አልሆን ብሏት ላብ በላብ ሆናለች። ዞር ብላ የኔን ልጅ አየችው። «ምን ታደርጊ፣ ባልሽ አናጢ አይደለ» አልኩ በልቤ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት እናት ሆኜ አላውቅም።

ስናርፍ ጎማው መሬት ነክቶ ሰው ሁሉ ሲናጥ ልጁ ብቻ «አረፈ!» ብሎ አጨበጨበ። ሰው ሳቀ። ቀበቶው ሲፈታ ጭኔ ላይ ቆመና በሩን አሻግሮ አየ።

«እማዬስ?» አለኝ።

«የቷ እማዬ?»

«እማዬ! አረፈ እኮ። እማዬ የታለች?»

ቤታችን ውስጥ «እማዬ» የሚባል ሰው የለም። አስተናጋጇን ይሆናል ብዬ «ያቻትልህ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። መሪጌታም ግራ ገብቷቸው «እናቱ አይደለሽም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ነኝ እንጂ አባቴ» አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን ከልጁ እጅ አስለቅቄ መለስኩላቸውና ወረድን።

እህቴ ከባለቤቷ ጋር ውጭ ትጠብቀን ነበር። ልጁን በቀኝ እጄ አቅፌ፣ ቦርሳዬን በግራ አንጠልጥዬ ስወጣ ገና ከሩቅ አያት። የስልኳ ሴትዮ! ሁለት እጆቹን እንደ ክንፍ ዘረጋና «እማዬ፣ መጣሁ!» አለ። ቃሉን አጥንቶታል። «መጣሁ» ሲል መጨረሻዋን ሳብ የሚያደርጋት፣ ሳብ አድርጎም አገጩን ቀና የሚያደርገው ባለቤቴ ነው። የባሌን ድምፅ በልጄ አፍ ሰማሁት። የጨዋታው መጨረሻ፣ እኔ ስገባ የሚቋረጠው፣ ይኸው ነበር።

እህቴ ነጥቃ አቀፈችው። አልቅሳ፣ ስማ፣ አሽትታ ስትጠግብ ቀና ብላ ፊቴን አየች። ያኔ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«እታለም፣ ባለቤትሽ አልነገረሽም እንዴ? እኔ ራሴ እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«ልጁ እዚህ እንደሚቀር።»

እዚያው፣ ሰው ሻንጣ እየገፋ በሚያልፍበት ቆሜ ደወልኩለት። ቶሎ አነሣው።

«አረፋችሁ?» አለኝ።

«እማዬ ይላል» አልኩት። «እህቴን እማዬ ብሎ ጠራት።»

መጋዝ ከሩቅ ይሰማል፤ ሥራ ላይ ነበር።

«እናቱ ናት» አለኝ በመጨረሻ። «አግብታ፣ ጎጆ ወጥታ፣ ልጄን ስትል እምቢ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ?»

«ማሩስ? ሽማግሌዎቹስ? አንተ ያጠባኸው ጣትስ?»

«ማሩ ማር ነው፤ እናት እናት ናት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትሳፈሪ ነበር?»

«አልሳፈርም!»

«እሱን ነው የምልሽ» አለኝ፣ ነገር እንደረታ ሰው ረጋ ብሎ። «እኔ ብወስደው እስኪያርፍ ድረስ እያለቀሰ ሊሄድ ነው። እሷ መጥታ ብትወስደውም ያው ነው። ካላንቺ አይሆንም።»

ካላንቺ አይሆንም። ይህን ቃል ከባሌ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጓጉቼ ነበር! እንግዲህ እኔ እንግዳም አልነበርኩም፣ እናትም አልነበርኩም። ከጭብጦውና ከክር ማጠንጠኛው ጋር አብሬ የታሸግሁ የልጁ ማባበያ ነበርኩ። እሱ እንዳያለቅስ እኔ ተላክሁ። እኔ እንዳላለቅስ ደግሞ ተዋሸሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ እኔን ግን ፈረሱ አልጣለኝም፣ ተሸክሞ ወስዶ ደጃፉ ላይ አራገፈኝ።

ልጁን ነጥቄ የምመለስበት አውሮፕላን የት አለ? የልጁ መመለሻ አልተቆረጠም። ደግሞ ብነጥቀውስ፣ የእህቴ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ጆሮ ጉትቻዋን እየቆጠረ ነበር።

ሰነበትኩ። እስኪለምድ ድረስ ቆዪልን አሉኝ፤ ቆየሁላቸው። እህቴ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ አይደለችም። እግሬን ልትስም ወደቀች፣ ከለከልኳት። የሰጠችኝ ጊዜ የምታበላው እንዳልነበራት፣ ዛሬ ግን ቤትም ባልም እንዳላት ነገረችኝ። አውቀዋለሁ። እኔ የጠየቅኋት ስለ ቤቷ አልነበረም። «አንቺ ራስሽ ብርጭቆውን ይዘሽ አልነበር?» አልኳት። አልጋ ገዝተውለታል፣ መጫወቻ ሞልተውለታል። እሱ ግን ጀርባ ይፈልጋል። አንቀልባውን እሷ ጀርባ ላይ አሰርኩላት። ጭብጦ ስትለውስ ማሩ እንዳይበዛ፣ ሲቆጣ ቶሎ እንዳትለማመጠው፣ ሲተኛ የግራ ጆሮውን ብታሸው እንደሚወድ አሳየኋት። አንጀቴ እያረረ ነው ያሳየኋት። ለሷ ብዬ አይደለም።

የምሄድ ቀን እህቴ «ሳያይሽ፣ ሲተኛ ውጪ፤ ይሻለዋል» አለችኝ።

«እኔ እንደናንተ በጓሮ አልወጣም» አልኳት።

አስቀምጬው ነገርኩት። «እናና ወደ አባባ ልትሄድ ነው፤ አንተ ግን እዚህ ትቀራለህ። ዛሬም ነገም አልመጣም።» አዳመጠኝ። ከዚያ ሶፋው ላይ ወጣ፣ ጀርባውን አስደገፈ፣ ሆዱን ነፋ፣ እጁን ወደ ላይ አነሣ። «እሰሪኝ» አለኝ። የማስረው ነገር አልነበረኝም። በእጄ ወገቡን ያዝ አድርጌ ለቀቅሁት። በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል እየሳቀ ቻው አለኝ። አላለቀሰም። ደኅና አድርገው አስተምረውታል።

ከተማችን መካነ ኢየሱስ ስደርስ ባለቤቴ ቤቱን ጠርጎ፣ ራት ሠርቶ ጠበቀኝ። ትንሿ ወንበር የለችም።

«የት አደረስካት?» አልኩት።

«እንዳታያትና እንዳይከፋሽ ብዬ አነሣኋት።»

«የማየውንም የማላየውንም አንተ ነህ እንዴ የምትቆርጥልኝ?»

ራሱን ደፋ። እንባው መጣ፤ የእውነት እንባ ነው፣ እሱም ልጁን አጥቷል። አዘንኩለት ብል ግን እዋሻለሁ። ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ መጥታ «ምን ይደረግ፣ እናቱ ናት፤ እኛም እንዴት ትችለው ይሆን ስንል ነው የከረምነው» አለችኝ። ስንል ነው የከረምነው! በአጥር ላይ ቻው ስትል አውቃ ኖሯል። የንስሐ አባታችንም ምክር ተጠይቀው ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ልጄን ሲሸኝ እኔ ብቻ ጉዞ የምሄድ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴን አልፈታሁትም። አንድ ማዕድ እንቆርሳለን፣ ስለ ጣውላ ዋጋ እንነጋገራለን። ሲስቅ ግን ምን ደብቆ ነው የሚስቀው እላለሁ። ልጁ ትቶልኝ የሄደው ይህንን ነው።

ለረጅም ጊዜ ልጁን በስልክ አላገናኙኝም፤ «ድምፅሽን ከሰማ ይረበሻል» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ለሱ ሰላም ከሆነ እሺ። ከዚያ አንድ ቀን፣ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም እህቴ ደወለች። ስልኩን ለሱ ሰጠችው። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከኋላው እህቴ ቀስ ብላ «በል፣ ጥራት» ስትለው ሰማሁ።

«አክስቴ» አለኝ። ጥርት አድርጎ፣ ሳይደናቀፍ።

እስክርቢቶውን አስቀመጥኩ። እህቴም ትጠብቃለች፣ እሱም ይጠብቃል። መልስ ሲያጣ ግራ ገባውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«አክስቴ!»

እንዳያለቅስብኝ ፈራሁ።

«አቤት» አልኩት።